ስም የሌለው ኬብል

ሰኞ 3

የድሮዎቹን ስልኮች ዛሬ መንቀል ጀመርን። ስንት ዓመት ስጠግናቸው የኖርኩ ነኝ። ተላላኪያችን አዲሱን የኢንተርኔት ስልክ አገላብጦ አየና፣ ከካፖርቴ ይልቅ ቁልፍ ይበዛዋል አለ። ይህ ሰው ጠዋት የሰማውን እስከ ምሳ ለሁሉም ስለሚያዳርስ ሬዲዮ ነው የምንለው።

ሥራውን የምትመራው ከሌላ ድርጅት በኮንትራት የመጣች ኢንጂነር ናት። በዕድሜ ልጄ ብትሆንም ሳትንቀኝ፣ ሳትቸኩል አስረዳችኝ። ከግድግዳው የሚወጣው ኬብል ስልኩ ውስጥ ይገባል፤ ከስልኩ ጀርባ ሌላ ወጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል። ስለዚህ ድምፁም ፋይሉም በአንድ ሽቦ ተዛዝለው ነው የሚሄዱት። ሒሳብ ክፍል ትልቅ ፋይል ሲልክ የሰው ንግግር ይቆራረጣል። እሷ የምታደርገው፣ ሽቦው አንድ ሆኖ ሳለ በውስጡ ሁለት መንገድ ማበጀት ነው፤ አንዱ ለድምፅ፣ ሌላው ለቀረው። «ጋሼ፣ ደብዳቤ ቢዘገይም ደብዳቤ ነው። የዘገየ ድምፅ ግን ድምፅ አይደለም» አለችኝ።

ሌላም ጥቅም አለው። መንገዱ ካልተለየ፣ ተንኮል የሚያውቅ ሰው በኮምፒውተሩ የሰው ስልክ ሊያዳምጥ ይችላል። ከተለየ አይችልም። ይህን ስትለኝ ባለቤቴ ትዝ አለችኝ፤ ነፍሷን ይማርና።

የእኔ ድርሻ ኬብል መሳብና ስም መጻፍ ነው። በሁለቱም ጫፍ ነጭ ፕላስተር እጠመጥማለሁ፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ እጽፍበታለሁ። ሥራ ሲያልቅ፣ በርክክብ ቀን፣ አንዱ ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበት ካቢኔት ጋ ቆሞ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው «አለ» ብሎ ይመልሳል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ ይነቀላል። የሥራ አባቴ ያወረሰኝ ሕግ ነው። «ስም የሌለው ኬብል ሌባ ነው» ይል ነበር።

ረቡዕ 5

ቤት ውስጥ እኔና ምራቴ ብቻ ነን። ልጄ የጭነት መኪና ይዞ ሩቅ ስለሚመላለስ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። እሷ እኛው መሥሪያ ቤት የደንበኞች ስልክ ክፍል ትሠራለች። የአባቷ ስም ከእኔ ስም ጋር ስለማይገናኝ ዝምድናችንን የሚያውቅ የለም። ተፈትና ነው የገባችው፤ አማቷ አስቀጠራት እንዳይባል ብለን ዝም አልን። መሥሪያ ቤት ጋሼ ትለኛለች፣ ቤት አባባ።

ማታ ፕላስተሬን ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋ ሳቀችብኝ። ለሽቦ ሁሉ ስም ሲያወጡ ይቺ ድመት እስከ ዛሬ ድመት ናት አለችኝ። ድመቷ ራሷ ቀና ብላ አየችኝ።

ከሳቋ በኋላ ግን እራቷን ነካክታ ተወችው። ምን ሆነሽ ብላት ሥራ ነው አለች፤ ኋላ ግን ራሷ አወጣችው። ድርጅታችን ከሚተክላቸው ሊፍቶች አንደኛው ዓይነት ፍሬኑ እየከዳ ነው። የሕንፃ ጠባቂዎች እየደወሉ፣ ሲወርድ ይንሸራተታል፣ ወለሉን አልፎ ይቆማል ይላሉ። የስልክ ክፍሉ ለሁሉም «ተመርምሯል፣ ችግር የለውም» ብሎ እንዲመልስ ታዟል። የመረመረው ሰው የለም።

እግዚአብሔር ይጠብቅ አልኳት። አሜን አለች። ፊቷ ግን አሜን አላለም።

ዓርብ 7

ሁለተኛው ፎቅ አለቀ። ጉልበቴን መሰላል ገደለው። አቧራ። ሬዲዮ ጣራ ውስጥ ስገባ እያየ፣ ጋሼ ከአይጦቹ ሰላምታ አቅርቡልኝ ይላል።

ምራቴ ዛሬም አልበላችም።

ሰኞ 10

ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ከጸሐፊዋ ክፍል ወደ ቢሮው፣ ከቢሮው ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባኝና በሩን ዘጋ። እዚያ ክፍል ገብቼ አላውቅም ነበር። መስኮት የለውም፤ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተርና አንድ ወንበር ብቻ።

ከዋናው ካቢኔት ወደዚያ ክፍል አንድ ኬብል እንድስብ ይፈልጋል። በድምፅ መንገድ የሚያልፈው ሁሉ ቅጂው በዚያ ኬብል ይመጣል። ለጥራት ቁጥጥር ነው አለ። ኢንጂነሯ ካቢኔቱ ላይ ኬብሉ የሚሰካበትን ቀዳዳ አዘጋጅታለታለች፤ ለሠራተኛው ሳይነገር ግን ምንም እንዳይሰካበት ብላ አስጠንቅቃለች። እሱን ለእኔ ይተዉት፣ እነግራቸዋለሁ አለኝ።

ቀጥሎ ወንበሩን ለእኔ ለቆልኝ እሱ ቆመ። ጋሼ፣ ይህ ነገር ከእኔና ከእርስዎ እንዳይወጣ፤ ስምም እንዳይጻፍበት አለኝ። «ፊርማ አልጠይቅዎትም። የእግዚአብሔር ሰው እንደሆኑ አውቃለሁ። በእሱ ስም ይማሉልኝ፣ ይበቃኛል።»

ማልሁ። ምላሴ ከእኔ ቀደመች።

ለጥራት ከሆነ መሐላው ምን ያደርጋል? ይህን ያሰብኩት ደረጃውን ወርጄ ስጨርስ ነው። ጡረታዬም ሩቅ አይደለም። ይህን ደግሞ ለምን እንደጻፍኩት እንጃ።

ማክሰኞ 11

ኬብሉን ሳብኩ። ሰካሁ። ሰው አላየኝም።

በኋላ፦ መብራት አጥፍቼ ከተጋደምኩ በኋላ ትዝ አለኝ። ፕላስተር ጠምጥሜበታለሁ። በሁለቱም ጫፍ። እጄ እንደልማዱ ጠቅልሎ፣ እንደልማዱ ጽፏል፦ «ከድምፅ መንገድ፤ ሥራ አስኪያጅ፣ ውስጠኛው ክፍል»። ተነሥቼ ይህን ጻፍኩ። ውስጠኛው ክፍል ያለው ጫፍ ከጠረጴዛው ጀርባ ስለሆነ አይታይም። የካቢኔቱን ግን ነገ እልጠዋለሁ።

ረቡዕ 12

ካቢኔቱ ጋ ሰው በዛ። ነገ።

ሐሙስ 13

ዛሬ ማታ ዕቃ እያጠበች ጀርባዋን ሰጥታኝ ጠየቀችኝ። «አባባ፣ አሁን የቢሮውን ስልክ ሰው ሊያዳምጠው ይችላል?»

ለምን አላልኳትም። ማለት ነበረብኝ። ድምፁ የራሱ መንገድ አለው፣ ኢንጂነሯ ለይታዋለች፣ ከሠራተኛው ኮምፒውተር ሆኖ የሚሰማ የለም አልኳት። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። አንድም ውሸት የለበትም። ደግሜ ደጋግሜ አየሁት፣ የለበትም።

ትከሻዋ ሲወርድ ከኋላዋ አየሁ። እፎይ ብላ ሳህኑን አስቀመጠች። እራት ያልበላችው ሴትዮ ቁጭ ብላ ዳቦ በላች፣ ለድመቷም ቆርሳ ሰጠቻት።

እባብ ሔዋንን ሲያነጋግራት ግማሹን እውነት ነበር የተናገረው። ለምን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም።

ዓርብ 14

ፕላስተሩን አልላጥሁትም። ጥፍሬን ጫፉ ላይ አሳርፌ ነበር፤ የእግር ኮቴ ሰማሁና መልሼ ለጠፍኩት። የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። ከእሷ ምን እንደሸሸሁ እንጃ።

ሥራ አስኪያጁ ለሠራተኛው ምንም አልተናገረም። ሬዲዮን በዘዴ ጠየቅሁት። እሱ ካልሰማ አልተነገረም ማለት ነው።

እሑድ 16

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ጸሎቱ አልገባ አለኝ። ባለቤቴን ሳስብ ዋልኩ።

እሷ በወጣትነቷ የስልክ ማዞሪያ ላይ ነበር የምትሠራው። የከተማው ሰው ንግግር ሁሉ በእሷ ጣቶች ያልፍ ነበር። መጀመሪያ ያየኋት መስመር ልጠግን የሄድኩ ዕለት ነው። ሁለቱን ሰዎች ታገናኝና፣ «ይነጋገሩ» ትልና፣ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ አንገቷ ላይ ታወርደዋለች። ሌሎቹ ልጆች ወሬ ይለቅማሉ፣ ይሳሳቃሉ። እሷ አንገቷ ላይ። አይከብድሽም ወይ ብላት፣ እኔ የማገናኝ እንጂ የምሰማ አይደለሁም አለችኝ። በዚያ ቃል ነው ያገባኋት።

አሁን ከሰማይ ሆና ምን ታያለች? ጣራ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ፣ ጆሮ ስጎትት።

ረቡዕ 19



ሥራ አስኪያጁ ውስጠኛው ክፍል አስገባኝና ጋሼ፣ አንድ ነገር ያድምጡልኝ አለ። ኮምፒውተሩን ነካ። የሴት ድምፅ ነው፣ ዝቅ ያለ፣ በሹክሹክታ። ለአንድ የሕንፃ ጠባቂ ነው የምትናገረው። ሊፍቱን ይዝጉት፣ ተመርምሯል የሚባለው ሐሰት ነው፣ ቁልፉን ለማንም እንዳይሰጡ ትላለች። ስምሽ ማነው ሲላት ስሜ ምን ያደርግልዎታል አለችው። «በሞቴ፣ ሰው እንዳያሳፍሩበት።»

ገና ቃል ሳታወጣ ነው ያወቅኋት። ከመናገሯ በፊት ጉሮሮዋን በትንሹ ትጠርጋለች፤ ቤት ውስጥ ስትጠራኝ እንደምታደርገው።

ከስብሰባ አዳራሹ ስልክ፣ በምሳ ሰዓት ነው የተደወለው አለኝ። ደንበኞች እየተነሡበት ነው። «እርስዎ የማይገቡበት ክፍል የለም። ይቺን ሴት ያውቋታል?»

አላውቃትም አልኩ።

ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ አላውቃትም አልኩ። ለእሷ ብዬ ነው። ታዲያ ስወጣ ለምን እንደ ጴጥሮስ ማልቀስ አማረኝ?

ነገ አዳራሹ በር ላይ ሥራ ፍጠርና በምሳ ሰዓት ተቀመጥ፣ የገባችውን ትነግረኛለህ ብሎኛል። እርስዎ ማለቱን ትቷል።

ሐሙስ 20

መሰላሌን አዳራሹ በር ላይ ተከልኩ። ጤነኛ ኬብል ፈትቼ መልሼ እሰካለሁ። እንዳትመጣ ጸለይኩ። ዛሬ ብቻ፣ ጌታዬ፣ ዛሬ ብቻ።

መጣች። መሰላሉ ላይ እኔ መሆኔን ስታይ ፊቷ በራ። ግራ ቀኝ አየችና ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ እርስዎ እዚህ በመሆንዎ ልቤ ደላው። ሰው ከመጣ ሳል ይበሉ» ብላኝ ገባች።

ዘበኛዋ አደረገችኝ። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፤ አትደውይ፣ ይሰሙሻል። ሁለት ቃል። አፌ ተከፈተ። መሐላዬ ትዝ አለኝ። በሩ ተዘጋ።

እዚያው ከመሰላሉ ላይ ሆኜ ድምጿን በበሩ በኩል ስሰማ፣ የዚያው ድምፅ ቅጂ ደግሞ ከራሴ በላይ፣ በጣራው ውስጥ፣ በሳብኩት ኬብል እየሄደ መሆኑን አውቅ ነበር።

ለሥራ አስኪያጁ ማንም አልገባም አልኩት።

ዓርብ 21

እንዴት ሳላስበው ቀረሁ! ቅጂው እሱ ጋ ነው። ከአዳራሹ ስልክ መቼ እንደተደወለ ያውቃል።

«በር ላይ ተቀምጠህ ማንም አልገባም አልክ። ታዲያ ማን ደወለ፣ ግድግዳው?» አለኝ።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። እስከ ረቡዕ፣ እስከ ርክክቡ፣ ስሟን ታመጣለህ አለ። ካላመጣህ ለፖሊስ የሚሄደው የአንተ ስም ነው። ሠራተኛው ሳያውቅ ስልኩን የጠለፈ ኬብል ተገኘ እላለሁ። የሳበው ማነው? የማን እጅ ነው?

የማን እጅ እንደሆነ ተጽፎበታል። ያንን አላወቀም።

ከምሳ በፊት ኮሪደር ላይ ለምራቴ፣ የስብሰባ አዳራሹ ጣሪያ ሊፈታ ስለሆነ ለጥቂት ቀን እንዳትገቢ አልኳት። አየችኝ። እሺ አለች። ከዛሬ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ነው ወይ ስትለኝ፣ አዎ፣ ከአሁን ጀምሮ አልኳት። ቢያንስ ይህን አደረግሁ። ቢያንስ።

ቅዳሜ 22

እንቅልፍ አልወሰደኝም። መሐላ ማፍረስ ኃጢአት ነው። ንጹሕ ሰው አሳልፎ መስጠትም ኃጢአት ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ቀዳዳ አለች፤ እሷም ዝምታ ናት። እዚያ ውስጥ ገብቼ ተቀምጫለሁ። ጠባብ ናት ግን ሞቅ ትላለች።

ሰኞ 24

ከጠዋቱ ጀምሮ ሬዲዮ ፊቱ ጠቁሮ ይዞራል። ቅዳሜ ዕለት አንዱ ሕንፃ ሊፍቱ በሁለት ወለል መካከል ተንሸራቶ ወርዷል። ውስጡ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ እግሯ ተሰብሯል። ከቁርጭምጭሚቷ ላይ ነው አሉ፣ አጥንቱ ወጥቶ። ጠባቂው ማንም አልነገረኝም እያለ ይምላል።

ማታ ምራቴ ኮቷን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በተራ ነበር የምደውልላቸው አለችኝ። «ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተራው የእነሱ ነበር። አዳራሹ ይፈታል ሲሉኝ ሰኞ እደውላለሁ ብዬ ተውኩት።»

ጣሪያውን ግን ማንም አልፈታውም አለች። ጠየቀችኝ ማለት አይደለም። ዝም ብላ ነው ያለችው።

ወደ ክፍሌ ገባሁ። ያቺን የጽዳት ሠራተኛ አላውቃትም። ያን ለት ካቢኔቱ ጋ ከኮቴዋ የሸሸኋት የእኛዋ ሴትዮ ፊት ነው የሚመጣብኝ።

ማክሰኞ 25

አሁን እውነቱን ልጻፍ፤ ከእኔና ከፈጣሪ በቀር የሚያነበው የለም። መሐላው አይደለም አፌን የያዘው። መሐላ ባልምልም ኖሮ ዝም እል ነበር። የፈራሁት ሥራ አስኪያጁን ነው፤ ፖሊሱን፣ ጡረታውን፣ በስተርጅና ውርደቱን ነው። የእግዚአብሔርን ስም እንደ ጋሻ ከፊቴ አቁሜ ከኋላው ተጎንብሻለሁ። ስሙን በከንቱ መጥራት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል?

ነገ ርክክብ ነው። ጠሪው እኔ ነኝ።

ፈራሁ። እንደ ልጅ ፈራሁ።

ረቡዕ 26

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ነገ ከነገ ወዲያ የሚጠይቀኝ ሰው ይኖራል።

ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ ጠጋ አለኝ። ያቺን ቀዳዳ ዝለላት፣ ሲያልቅ ስሟን ይዘህ ና አለኝና ውስጠኛው ክፍል ገባ።

ካቢኔቱ ጋ ኢንጂነሯ፣ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ፣ የደንበኞች ስልክ ክፍል ኃላፊና ሌሎችም ቆሙ። ሬዲዮም ማንም ሳይጠራው ቆመ። አዲሱን ስልክ ድምፁን ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። በየክፍሉ የሚመልሱት ሁሉ አንድ ላይ መስመሩ ላይ ናቸው። ከስልክ ክፍሉ እንድትመልስ የተመረጠችው ምራቴ ናት። እኔ አልመረጥኳት።

መጥራት ጀመርኩ። ሒሳብ ክፍል፣ የመስኮቱ ጠረጴዛ። «አለ።» ግምጃ ቤት። «አለ።» ጥበቃ። «አለ፣ አለ፣ ደግሞም ይቀዘቅዛል» አለ ጥበቃው፣ ሰዉ ሳቀ። ደንበኞች ስልክ፣ የበሩ ጠረጴዛ። ጉሮሮዋን ጠረገች። «አለ።» ድምጿ ጥርት ብሎ መጣ፤ አንድም ቦታ አልተቆራረጠም። ኢንጂነሯ ፈገግ አለች። የሠራችው ሥራ እውነትም ያማረ ነው። መንገዱ ንጹሕ ነበር፤ ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ።

በየተራው እየወረድኩ መጣሁ። ወደዚያ ኬብል ደረስኩ። ጣቴ ፕላስተሩ ላይ አረፈ። ጫፉ ትንሽ ተነሥቷል፣ ያን ለት በጥፍሬ የነካሁት። ለመዝለል የሚያስፈልገኝ ጣቴን አንድ ቀዳዳ ማሳለፍ ብቻ ነበር።

«ከድምፅ መንገድ፤ ሥራ አስኪያጅ፣ ውስጠኛው ክፍል» አልኩ።

ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ማንም አልመለሰም። የምናገርበት ስልክ በድምፅ መንገድ የሚሄድ ስለሆነ፣ የጠራሁት ሰው በዚያው ኬብል እየሰማኝ እንደነበር አውቅ ነበር። መልስ ግን የለም።

ሁለተኛ ጠራሁ። የስልክ ክፍሉ ኃላፊ ይህ ደግሞ ምንድነው አለ። ኢንጂነሯ ፊቷ ተለዋወጠ። «ተሰክቷል እንዴ? ለሠራተኛው ተነግሯል?» አለች። እነሱ ተያዩ፤ ምኑ አሏት። ምን እንደሆነ በአጭሩ ነገረቻቸው። በስልኩ ውስጥ የሚያዳምጡት ክፍሎች ሁሉ ሰሙ። የሆነ ቦታ የወንበር ድምፅ ተሰማ። ካቢኔቱን ያዝኩ።

ሦስተኛ ጠራሁ።

ኬብሉን ነቀልኩት። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ ይነቀላል።

ከዚያ የሆነው ብዙ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ወጣ። ይህን ሽማግሌ አላዘዝኩትም፣ በራሱ ነው የሳበው አለ። ኢንጂነሯ ቀዳዳውን አዘጋጂ ያልከኝ አንተ ነህ አለችው፤ እሷም ትፈራ ነበር፣ ከንፈሯ ይታየኝ ነበር። ቁልፎቼን አስረከብኩ። በሩ ድረስ የሸኘኝ ሬዲዮ ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ ዛሬ ብቻ የሚለው ጠፍቶት ዝም አለ።

መሐላዬን አላፈረስኩም፣ የተጻፈ ነው ያነበብኩት ብዬ ልጽፍ ነበር። እግዚአብሔርን በብልጠት አላታልልም። አፍርሼዋለሁ። ይቅር ካለኝ ስላፈረስኩት ይቅር ይበለኝ፤ ስለማልሁትም።

ምራቴ ዘግይታ መጣች። እራት አቅርቤ ጠበቅኋት። አልተቀመጠችም።

«ያን ለት ዕቃ ሳጥብ የጠየቅሁዎት፣ ያውቁ ነበር?»

አውቅ ነበር አልኳት።

ቀና ስል ክፍሏ ገብታ ነበር።

ዓርብ 28

አላነጋገረችኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ትሸፍነዋለች፣ ትሄዳለች። ድመቷ ከእሷ ክፍል አትወጣም።

ቅዳሜ 29

ሬዲዮ ቤት ድረስ መጣ። የስልክ ክፍሉ ሰዎች ሐሙስ ዕለት ተነጋግረው «ተመርምሯል» ማለት አቁመዋል። አሥር አፍ አንድ ላይ እምቢ ሲል ሥራ አስኪያጁ ማንን ያባርራል አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ጠበቃ ይዞ የሹክሹክታዋን ሴትዮ አሁንም ያፈላልጋል። የእኔንም ስም ለፖሊስ ሰጥቷል፤ ሰኞ ሊጠሩዎት ይችላሉ አለኝ። ይህን ሲናገር ምራቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሬዲዮ እሷን እኔ ቤት ሲያይ አፉን ከፈተ፤ ቀጥሎ ዘጋው። ሲወጣ እጄን ጨብጦ፣ ጋሼ እኔም እኮ አንዳንዴ ባትሪዬ ያልቃል አለኝ።

ከሄደ በኋላ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። «ሰኞ ብቻዎን ነው የሚሄዱት?» አለችኝ። ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። አዎ፣ አንቺ እንዳትመጪ አልኳት።

እሑድ 30

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሳሎን ተቀምጣ የቤቱን ስልክ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ያልደወለችላቸው ሕንፃዎች ቀርተው ነበር። ከበሩ ገባ እንዳልኩ ለጠባቂው፣ ከሊፍቱ ድርጅት ነው የምደውለው ስትል ሰማኋት። ጉሮሮዋን ጠረገች። ስሟን ተናገረች፤ ስሟን ከነአባቷ ስም፣ የምትሠራበትን ክፍል ሳይቀር፣ እንዲጽፈው ፊደል በፊደል ቀስ እያለች።

ዝጊው፣ ስምሽን አትናገሪ፣ ሰኞ እኔ አለሁ አይደለም ወይ ልላት ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። አላቋረጠችም።

ዝም አልኩ። የአሁኑ ዝምታ ከዚያኛው ይለይ አይለይ አላውቅም። በቀስታ ወደ ኋላ ሄጄ ውጭ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት፤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሟቿ ባለቤቴ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ ታወርድ እንደነበር።

ግን ሰማሁ። ጮክ ብላ ነበር የምትናገረው።